የማሙሸት ምድጃ

ጋሼ ዱባለ በጨርቅ ሱቃቸው ጓዳ ሞተው በተገኙ በሦስተኛው ቀን፣ ዋና ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ከሲኒማ ራስ ወደ ሱቁ የሚወስደውን መንገድ ጉልበቷን እያሸች ወረደችው። ጉዳዩ ያለቀለት ነው ተብላለች። ጥፋተኛው አምኖ ፈርሟል፤ የቀራት ቦታውን አይታ መዝገቡን መዝጋት ብቻ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ እንዲህ አልቆላቸው እንደሚሰጧት መዝገቦች ያታከታት ነገር የለም።

ያመነው ማሙሸት የሚባል ምድጃ ጠጋኝ ነው። ሟቹ በሞቱበት ቀን ዋዜማ ለኤሌክትሪክ ምድጃቸው አዲስ ሽቦ አስገብቶላቸዋል። ሪፖርቱ እንደሚለው ምድጃው ከልክ በላይ ግሎ አጠገቡ የተከመረውን አቡጀዲ አቀጣጠለ፤ ሽማግሌው ደንግጠው ሲወድቁ ማጅራታቸውን ተመቱ፤ ጭሱም አፍኖ ገደላቸው። ሰብለ ወንጌል ጠዋት ጣቢያ ሄዳ አነጋግራው ነበር።

«ሽቦው አጥሮብኝ ይሆናል» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ሽቦ ባጠረ ቁጥር ምድጃ ከልክ በላይ ግሎ ያብዳል። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እትዬ።»

«ለክተህ አይደል እንዴ የምታስገባው?»

«ሁልጊዜ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ እለካለሁ፤ አርባ አራት ኦም ካልሞላ ሽቦው አጥሯል ማለት ነው። የዚያን ቀን ግን ቸኩዬ ነበር። አሁን ራሴንም አላምነውም።»

ከጣቢያው ስትወጣ የማሙሸትን ቴስተር ከኤግዚቢት ክፍል አስፈርማ ይዛ መጣች።

ሱቁን የከፈተላት አቶ ዘመንፈስቅዱስ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በሽርክና የሠራ፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት ያለው ሰው።

«ያዩትን ይንገሩኝ» አለችው።

«ምሳ በልቼ ስመለስ ጭስ በበሩ ሥር ይወጣል። በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። ዱባለ ወድቋል፤ ምድጃው ፍም መስሎ ቀልቷል። ሶኬቱን የነቀልኩት በዚህ እጄ ነው።»

«ምን ያህል ጊዜ የነደደ ይመስልዎታል?»

«ከጭሱ ብዛት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይቀርም።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና እሱ ብቻ። የሱ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል።»

ሰብለ ወንጌል ከጠቆረው ምድጃ አጠገብ በርከክ አለች፤ ጉልበቷ ሲጥጥ ጥርሷን ነከሰች። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ከሽቦው ጫፎች ጋር አገናኘች። አሥራ አንድ ኦም። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን፣ ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠውን ብሬከር ቀና ብላ አየችው። ከሱ የወጣ ገመድ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጎረቤት ያልፋል።

ጎረቤቷ ጠሂራ በሞተር በሚሠራ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መስመራችሁ የጋራ ነው?»

«የጋራ ነው። ጋሼ ዱባለ ምድጃና ካውያ አንድ ላይ ከለኮሱ ብሬከሩ ይወድቃል። ግድግዳውን እደበድባለሁ፣ ያነሱታል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን» አለች።

«የሞቱ ዕለትስ?»

«የሰርግ ልብስ ነበረብኝ፤ ምሳም አልበላሁ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ድረሱልኝ ብሎ እስኪጮህ ድረስ መኪናዬ አንዴም አልቆመም።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረሻል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ጓዳው ውስጥ ተሰበሰቡ። ማሙሸት በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ መጥቷል፤ ካቴናው እጁ ላይ ነው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠሂራ ከግድግዳው ወዲያ መኪናዋ ላይ እንድትቀመጥ ተነግሯታል።

«አርባ አራት ኦም ያልከውን እናስላው» አለችው ሰብለ ወንጌል። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለአርባ አራት ሲካፈል?»

«አምስት አምፔር።»

«ኃይሉስ?»

«ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው፤ ሺህ አንድ መቶ ዋት። የሻይ ምድጃ ነው።»

«አሁን ያለው ሽቦ ግን አሥራ አንድ ኦም ብቻ ነው።»

ማሙሸት ፊቱ አመድ መሰለ። «ሃያ አምፔር፣ አራት ሺህ አራት መቶ ዋት... እውነትም ገድያቸዋለሁ።»

«አትቸኩል። ብሬከሩ ስንት ይላል?»

ቀና ብሎ አየ። «አሥር አምፔር» አለ። «ከዚያ ካለፈ ይወድቃል እኮ!»

ሰብለ ወንጌል ጠሂራን መኪናዋን እንድታስነሳ ነገረቻትና ምድጃውን ሰካች። ሽቦው መቅላት ጀመረ። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወደቀ፤ መብራቱ ጠፋ፤ የጠሂራም መኪና ቀጥ አለ።

«እንዳያችሁት ይህ ሽቦ ግማሽ ሰዓት ሊነድ አይችልም» አለች በደከመ ድምፅ። «ለአፍታ ተለኩሶ ቢሆን እንኳ የጠሂራ መኪና መቆም ነበረበት። አልቆመም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ይህ ሽቦ ጨርሶ አልተለኮሰም፤ የተቆረጠው በማሙሸት ለማሳበብ ነው። ሽቦ ሲያጥር ምድጃ እንደሚያብድ መርካቶ ያለ ሁሉ ያውቃል። የቆረጠው ሰው የረሳው ብሬከሩን ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ሁለተኛው ቁልፍ ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል። ቀልቶ አየሁት፣ በእጄ ነቀልኩት ያሉኝም እርስዎ ነዎት፣ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። ያልተለኮሰ ምድጃ እንዴት ቀላ?»

ሰውየው የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ።

«ዱባለ ሱቁን ሕንፃ ለሚሠራ ማኅበር አሳልፎ ፈረመ» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበትን ቦታ፣ ሳያማክረኝ። ገፋሁት፤ ግድግዳው መታው። ወድቆ ዝም ሲል ሞቷል ብዬ ጨርቁን ለኮስኩት።»

«በሕይወት ነበሩ» አለችው። «የሞቱት በጭሱ ነው።»

ዘመንፈስቅዱስ ከተቃጠለው ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያወጡት ሰብለ ወንጌል አንዳች የድል ስሜት አልተሰማትም። አዘነች፣ ደከማትም፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ካቴናውን ከማሙሸት እጅ ፈታች። አላመሰገናትም፤ ቴስተሩንም አልጠየቀም።

«የጋሼ ዱባለ ድንኳን አልተነሣም አይደል?» አላት።

«ዛሬ ሦስተኛቸው ነው። እስከ ማታ ይኖራል።»

«ሁለት ሌሊት ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስላቸው እኔ በምን ዓይኔ ልቅሶ እደርሳለሁ እያልኩ።» እንባው ወረደ። በእጅጌው ጠርጎት ወደ በሩ ሄደ።

ሰብለ ወንጌል ቦርሳዋን አነሣች። «ቆይ፣ አብሬህ ልሂድ» አለችው። «ከኔ ጋር ካላዩህ አያስገቡህም።»