የሚያነክሰው ሰዓት

አቶ ገበየው ከጥገና ጠረጴዛቸው ሥር ወድቀው ሞተዋል፤ ከራስጌያቸው የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ግን ይሄዳል። ኢንስፔክተር ሐመልማል ቦልቴ ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው የእሱን ምት ነው። ሙት ባለበት ቤት እንዲህ ተረጋግቶ የሚሄድ ነገር አልወደደችም።

ከዳሞታ ተራራ የወረደው ጉም እስከ መስኮቱ ደርሶ ስለነበር ጠዋት ሆኖም ባትሪ ማብራት አስፈለጋት። የሟቹ ማጅራት የተፈነከተው ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳውን፣ መትቶ ነው። ትከሻቸው ላይ የግድግዳ ኖራ ተርከፍክፏል። ቀና ብላ ስታይ ኖራው የተላጠው ከሰዓቱ ጎን ነው። ሰዓቱ ለዓመታት የተሰቀለበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ቀጥ ያለ ዱካ ትቷል፤ ሰዓቱ ራሱ ግን ወደ ግራ አጋድሏል።

«ሲወድቁ ገጭተውት ነዋ» አለ ኮንስታብል ዳልጮ። «ነገሩ እኮ አልቋል፣ ኢንስፔክተር። ልጁ ተይዟል።»

ሐመልማል ባትሪዋን ከሰዓቱ ሥር አስጠጋች። አዲስ በተላጠው ኖራ ውስጥ የክብሪት እንጨት ተወሽቆ ሰዓቱ እንዳይመለስ ደግፎታል።

«ግጭት ክብሪት አይወሽቅም፣ ዳልጮ» አለችው።

ልጁ የተባለው የሟቹ የእህት ልጅ ዘላለም ነው። ከአጎቱ ጋር ይኖራል። ሬሳው በተገኘበት ዋዜማ አመሻሽ ላይ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል፤ በዝናብ እየሮጠ ሲወጣም ታይቷል። አጎቱን ደህና ትቶ እንደወጣ ቢምል ቢገዘት የጣቢያው አዛዥ አልሰሙትም፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ደግሞ እንደሚቸግር ሐመልማል ታውቃለች። እናቱ ወይዘሮ ጣፈጠች ከገሱባ ገስግሰው መጥተው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ወንድም ሊቀብሩ መጥተው ልጃቸውን ደግሞ ከእስር ለማውጣት ማንን እንደሚለምኑ ግራ ገብቷቸዋል። ሐመልማል ስትወጣ እጇን ይዘው «ልጄ፣ አንቺንም እናት ወልዳሻለች» አሏት።

ቤቱ የሶዶ የጥንት ሰዓት ወዳጆች ማኅበር መሰብሰቢያ ነው። አራት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀርተዋል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው በጣልያን ጊዜ የገባ ሰዓት ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፣ ይነታረካሉ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሰዓት ነው፤ የሚሄደው ግን ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው። ደንባቸው ነው። ብዙ ሰዓት ከተንጫጫ ጠጋኝ የያዘውን ሊሰማ አይችልም።

ከሦስቱ መጀመሪያ ያነጋገረችው አቶ በድሉን ነው፤ ሰዓቱ ወዳለበት ክፍል አስገባቻቸው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሰዓት ሲሰቅሉ ውሃ ልክ ላዩ ላይ አስቀምጠው አረፋዋ መሃል ካልቆመች እጃቸውን አያነሱም፤ ውሃ ልኳንም እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከኪሳቸው አይለዩዋትም።

«ፔንዱለም ያለው ሰዓት ቢገጭ ምን ይሆናል?»

«ያነክሳል።»

«ሰዓት እንዴት ያነክሳል?»

«አንዱ ምት ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። እንደ አንካሳ እርምጃ ነው። ካላስተካከሉት ጥቂት ሄዶ ይቆማል።»

«ይሄኛውስ?»

አቶ በድሉ አዳመጡና ግንባራቸው ተኮማተረ። «እኩል ይመታል» አሉ።

ክብሪቱን ነቅላ በዱካው ልክ ስታቃናው ሰዓቱ ማንከስ ጀመረ፤ ቆይቶም ቆመ። አቶ በድሉ ሳጥኑን ከፍተው ሲያዩ ፔንዱለሙን የምትገፋው ቀጭን ሽቦ ታጥፋለች። ከዚህ በኋላ ይህ ሰዓት እኩል የሚመታው ጠሞ ሲሰቀል ብቻ መሆኑን አስረዷት። ለማንም እንዳይናገሩ አስጠነቀቀቻቸውና ሰዓቱን እንደነበረ መለሰችው።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሰዓት ይሰበስባሉ፣ እንጨቱን ይወለውላሉ፣ ሆዱን ግን ከፍተው አያውቁም። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ሰዓታቸውን ሊያስጠግኑ በጠዋት መጥተው። ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጠው ሲናገሩ እንኳ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ከጠመመው የቀን መቁጠሪያ አልነቀል ብሎ፣ በመጨረሻ ተነስተው አቃኑት።

«ጋሽ ገበየው እሑድ ለማኅበሩ የምነግረው ከባድ ነገር አለ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ምንድን ነው ስለው፣ የሰው እንጀራ ነው፣ መጀመሪያ ለራሱ ልንገረው አለኝ።»

ሦስተኛው አቶ እስጢፋኖስ ናቸው። በወላይታ ምድር እሳቸውን የሚያህል ሰዓት ጠጋኝ የለም ይባላል፤ ከቤሌም ከሁምቦም የተበላሸ ሰዓት በጨርቅ ተጠቅልሎ ለእሳቸው ይመጣል። ሐመልማል ሱቃቸው ስትደርስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከሟቹ ጋር ከጉርምስና ጀምሮ በጓደኝነት እንደኖሩ፣ ያን ዕለት ግን ዝናቡ ስለከበደ ከቤት እንዳልወጡ በረጋ ድምፅ ነገሯት። የእጅ ሰዓቷን ፈትታ አልፎ አልፎ ይቆማል አለቻቸው። ወደ ዓይናቸው ሳይሆን ወደ ጆሯቸው ወሰዱት።

«ዘይት ጠምቶታል፣ የኔ ልጅ።»

«ስንት ሰዓት ይላል?»

ሰዓቱን ወደ እሷ ዘረጉት። «አንቺው እዪው። መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።»

መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ሐመልማል ሰዓቷን ተቀብላ አመስግና ወጣች።

ሐኪሙ ውጤቱን በስልክ ነገራት። ሟቹ ወዲያው አልሞቱም፤ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዘላለም ካቴናው ሳይፈታ ከዳልጮ ጎን ቆመ፤ እናቱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሐመልማል ክብሪቱን ነቅላ ሰዓቱን አቃናችውና ፔንዱለሙን ወዘወዘችው። ሰዓቱ እያነከሰ መሄድ ጀመረ።

«አቶ ገበየው ሲገፉ ትከሻቸው ይህን ሰዓት ገጭቷል፤ ኖራው ይመሰክራል። የተገጨ ሰዓት እንዲህ አነክሶ ይቆማል። በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ግን እኩል እየመታ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ እዚህ ቆሞ ያስተካከለው ሰው አለ።»

ወደ ዘላለም ዞረች።

«ዘላለም እንዳንል፣ ይህ ልጅ ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ከአጎቱም የተጣላው የዚህ ሁሉ ቆርቆሮ ዘበኛ አይደለሁም ብሎ ነው። አቶ በድሉ ቢሆኑ በውሃ ልክ ያስተካክሉት ነበር፤ እትዬ ዓመለወርቅ ቢሆኑ በዓይናቸው። ሁለቱም ቀጥ ያደርጉታል፤ ቀጥ ካለ ደግሞ ይቆማል። አጋድሎ የሰቀለው ሰው አላየውም። ሰምቶ ነው የሰቀለው።»

ምቱ እየደከመ ነበር። የአቶ እስጢፋኖስ ጣቶች ከዘራቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

«ጋሽ እስጢፋኖስ፣ ዓይንዎን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ጋሽ ገበየው ደረሱበት። ለሰው ከመናገራቸው በፊት ለእርስዎ ሊነግሩዎ ፈለጉ።»

«በግምት ሰው አይከሰስም» አሉ አቶ እስጢፋኖስ ዝግ ብለው።

ሐመልማል ሰዓቱን እንዲሰሙ ተወቻቸው። የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ ምት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ቀጣዩ እመጣለሁ አልመጣም የሚል። አቶ እስጢፋኖስ ከንፈራቸውን ነከሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከዘራቸውን ጥለው ተነሱና በወይዘሮ ጣፈጠች ፊት አልፈው ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ወደ ግራ ጥቂት አጋደሉት፤ አዳመጡ፤ ጥቂት ጨመሩ። ምቱ እኩል ሆነ። ትከሻቸው ወረደ። እጃቸው ያደረገውን የተረዱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሽ ገበየው ወዲያው አልሞቱም» አለች ሐመልማል። «ያን ዕለት ከሰዓቱ ሌላ የሰሙት ድምፅ አልነበረም?»

«ነበረ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ያቃስት ነበር። ከእንግዲህ የሰው ሰዓት አትንካ ሲለኝ ገፋሁት፤ እንዲሞት አልነበረም። ከዚያ ሰዓቱ ሊቆም ሆነ። መጀመሪያ ሰዓቱን ላድን፣ ከዚያ ሰው እጠራለሁ አልኩ። አስተካክዬ ስጨርስ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።»

ዳልጮ የዘላለምን ካቴና ፈታ። ወይዘሮ ጣፈጠች ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ፤ ቀና ሲሉም ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ያንን ነገር አቁሙልኝ» አሉ።

አቶ በድሉና ወይዘሮ ዓመለወርቅ አቀርቅረው ቀሩ። ከማኅበሩ ሰው አንድም አልተነሳም። ሰዓት ነክቶ የማያውቀው ዘላለም ሄዶ የሳጥኑን በር ከፈተና ፔንዱለሙን በሁለት ጣቱ ያዘው። ከዚያ እናቱን ደግፎ ወጣ።