ከፉርጎው አሸዋ በታች

ኢንስፔክተር ነሲባ ከወልድያ ስትደርስ፣ መርሳ አጠገብ ባለው የባቡር ጭነት ግቢ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨመር ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዓሪፍ የሚባል ሰው በባቡሩ ፉርጎ ውስጥ ከብት የሚያስረውን አቡበከርን በበሬ ገመድ አንቆታል። የአቡበከር አፍንጫ ተሰብሮ ደሙ ደረቱ ላይ ይወርዳል። የከበበው ሰው መገላገሉ ቀርቶ ዱላ ያቀብላል፤ ያሳፍራል።

«ልቀቀው!» አለች ሽጉጧን አውጥታ።

ዓሪፍ ገመዱን ለቀቀ። «ወንድሜን ያስገደለ እሱ ነው! አሸዋውን እኔው በጠዋት ነስንሼ አዘጋጀሁለት። እሱ ማሰር አቅቶት በሬው ተፈቶ ወንድሜን ረገጠው!»

የዓሪፍ ወንድም፣ ነጋዴው ኡበይደላ፣ ፉርጎው መሃል ወድቋል። ደረቱ ተረጋግጧል፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍሏል። አጠገቡ ያልታሰረ ዳልቻ በሬ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«ስታስር ኡበይደላን አላየኸውም?» አለችው አቡበከርን።

«ወላሂ አላየሁትም፣ እህቴ» አለ አቡበከር። «ከብቶቹን ከግራና ከተማ ነድቼ ስመጣ አሸዋው ተነስንሷል፤ ጥግ ላይ ጭድ ተከምሯል። ዓሪፍ ዳልቻውንም ጨምር አለኝ። ሁሉንም አጥብቄ አስሬ ወጣሁ።»

ነሲባ ከሬሳው ርቃ በሩ አጠገብ ተንበረከከችና አሸዋውን በእጇ ጠረገች። ከዚያ ሁሉንም ወደ ፉርጎው ጠራች።

«አባባ ሃብተሥላሴ» አለችው ሽማግሌውን ዘበኛ፣ «አሸዋ ሳይነሰነስ በሬ ይገባል?»

«ምን ነካሽ ልጄ! ወለሉ ብረት ነው፤ ተንሸራቶ እግሩ ይሰበራል።»

«እንግዲህ እዩ። ላዩ ንጹሕ አሸዋ ነው፣ ከሥሩ ብረቱ ላይ ደም ደርቋል፤ ደሙ የፈሰሰው አሸዋው ከመነስነሱ በፊት ነው። ኡበይደላ ሲገደል እዚህ አንድም በሬ አልነበረም። አባባ፣ ይሄ ለሃጫም በሬ የማን ነው?»

«የዓሪፍ። ኡበይደላ ትናንት ‹የታመመ ከብት አልጭንም፣ ሌላውን ይጨርስብኛል› ብሎ በሰው ፊት መልሶታል።»

«ዛሬ ግን ተጭኗል፤ ከልካዩ ሞቷላ። ዓሪፍ፣ በሩ ላይ ከኋላው መታኸው። ደሙን በአሸዋ፣ ሬሳውን በጭድ ሸፈንክ። አቡበከር አስሮ ሲወጣ በሬውን ፈትተህ ሬሳውን እግሩ ሥር ጎተትክ። አሸዋውን ማን እንደነሰነሰ ደግሞ ራስህ ነገርከኝ።»

ዓሪፍ ከበሩ ሥር ድጅኖ መንጭቆ ተወረወረባት። ጥይቷ ጭኑን በሳው። ቅድም ለእሱ ዱላ ያቀበሉት ሰዎች አሁን በዚያው ዱላ ሊጨርሱት ተንጋጉ፤ ነሲባ ወደ ሰማይ ተኩሳ በግድ አስጣለችው።

«ና፣ ሐኪም ቤት ላድርስህ» አለችው አቡበከርን።

አቡበከር አንገቱ ላይ የቀረውን ገመድ ፈታ።

«ትንሽ ቆዪኝ፣ እህቴ። በሬው እንደተፈታ ነው» ብሎ ወደ ፉርጎው ወጣ።