የሰባተኛው ቀን ሚዛን

«ግማሽ ኪሎ!» አለ ባለሚዛኑ፣ ከረጢቱን ከመንጠቆው እያወረደ። «እናታችን፣ እዚህ ቤት ቆሻሻ በጠብታ ነው እንዴ የሚወጣው?»

እናት ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ለሁለት ሰው ምን ይወጣዋል ብለህ ነው፣ ልጄ?»

ልጇ ጭራሮ አንገቷን ደፋች። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በቅጥነቷ።

ባለሚዛኑ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ የየቤቱን ቆሻሻ ሲመዝን ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን «የምትጥሉትን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሩ» ብሎ ከረጢት ሰጥቷቸው ነበር። እናቷ ግን ገና ከደጅ ሳይርቅ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምሯን አየችና፣ «የተማረ ሰው ገመናዬን በሚዛን ይስቀለው? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ በየቀኑ ከጓሮ ወዳለው ወንዝ ይጣላል። ተሸክማ የምትጥለው ጭራሮ ናት።

«ውጤቱ ምን ይሠራል?» አለችው ቀስ ብላ።

«መምህራችን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ነው የሚሠሩት። ቆሻሻ ለሚበዛበት ሰፈር ገንዳና መኪና ይመደብለታል፤ ጨርቅ ካለ ተለይቶ ለፍራሽ መሙያ ይሄዳል። ወንዝም አይደፈንም።» ወረቀቱን ገለጠ። «እናንተ ግን ምን ያደርግላችኋል? ካየኋቸው አሥር ቤቶች አንዱም ከግማሽ ኪሎ አላለፈም። አሪፍ ሰፈር ነው!»

አሥሩም ቤት! ጭራሮ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ቤታቸው ሲገባ አብረው ውሃውን እየቀዱ ያወጡ ሰዎች ናቸው። ውሃው የስፌት መኪናውን መርገጫ ውጦት ነበር።

«እኛ እኮ…»

እናቷ ገላመጠቻት።

«ሁለት ቤት ብቻ ቀርቶኛል» አለ ባለሚዛኑ። «ከዚያ በቀጥታ ሄጄ አስገባዋለሁ።»

እንደወጣ የስፌት መኪናው መንኳኳት ጀመረ።

«እማዬ፣ ክረምት ሲመጣስ?»

«ሲመጣ ይታያል። ለጊዜው ከሰው አፍ ተርፌያለሁ።»

ጭራሮ በጓሮ ወደ ወንዙ ወረደች። ጨርቁ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ፣ ከጎረቤት ልጣጭና ፌስታል ጋር ተጠላልፎ ነበር። የእነሱን ከሰው ለይታ ለማውጣት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያገኘችውን ከረጢት ውስጥ አጨቀችው። ለማንሳት ብትታገል ንቅንቅ አላለም። ውሃ የጠጣ ጨርቅ ነው፤ አሁን ቢመዘንም ትክክለኛ ክብደቱን አይናገርም። ያለፉት ስድስት ቀናት ውጤቶች ደግሞ ወረቀቱ ላይ ሰፍረዋል።

ቢሆንም እየጎተተች አወጣችው። ከረጢቱ ግቢውን አቋርጦ እስከ ደጅ ድረስ ጥቁር መስመር አሰመረ።

ባለሚዛኑ ሁለቱን ቤቶች ጨርሶ የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ከኋላዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ጭራሮ ዞር አላለችም። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ከከረጢቱ አጠገብ ቆመች።