የሳይረኑ አፍ የታሰረ ዕለት

ገመዱን የቋጠረችው እሷ ናት። በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የረገመው እሱን ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። ሳይረኑ የእሱ ሥራ ነበር፤ ቋጠሮው ግን የእሷ።

እሷ የመታሰቢያው መናፈሻ አትክልተኛ ናት። መናፈሻው የተሠራው፣ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን በአንድ ቀን አራት መቶ ሰው በፈጀበት መሬት ላይ ነው። መሃሉ ላይ የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ረጅም ግንብ ቆሟል፤ በግንቡ ፊት ሣር፣ በሣሩ ዳር ጽጌረዳ። መናፈሻው ገና ሲመረቅ ስለ ሰላም የሚናገሩት ትልልቅ ሰዎች ይሁኑ እንጂ፣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በእኔ ሣር ላይ ነው እያለች በልቧ ትኩራራለች።

እሱን ያገኘችው በጠብ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ የጽጌረዳ መደቧ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ አንድ ቀጭን ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ ጥቁር ኬብል ይዘረጋል።

«ወንድሜ፣ መቃብሩ ለማን ነው?» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የተነቀሉትን ችግኞች አየ። «ለእኔ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

ልትስቅ አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት። ያን ቀን ከሥራ በኋላ ቀርቶ ችግኞቹን አንድ በአንድ መልሶ ተከላቸው። ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ ብትለውም አልሰማትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላው ሄደች። በማግስቱ ስታያቸው ሁሉም ወደ ግራ ዘምመዋል። ልታቃናቸው ጎንበስ ካለች በኋላ ተወቻቸው።

ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራው ሽቦ ብሎ ነው። ቅጥነቱም ሥራውም ያወጡለት ስም ነው። የፋብሪካና የእሳት አደጋ ሳይረን ይጠግናል። እዚህ የመጣው ከፍርስራሽ ሥር የተገኘውን የጦርነቱን ጊዜ ሳይረን ለምረቃው ቀን እንዲያስጮኸው ነው፤ የመናፈሻው ኃላፊ ወጣቱ ትውልድ አንድ ጊዜ ይስማው ብለው ወስነዋል። ሽቦ የሌላ ከተማ ልጅ ነው። እሷም ያን ጊዜ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። ሁለቱም ያን ድምፅ አያውቁትም።

ሦስት ወር አብረው ምሳ በሉ። እሱ ብዙ አያወራም፤ ግን ስትናገር እጁን ከሥራው አንስቶ ነው የሚሰማት፣ ይህንንም ወደደችለት። አንድ ቀን ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ የምትናገረው አልቆባት ዝም ስትል፣ እሱም ዝም አለ፤ ዝምታው ረዝሞ ረዝሞ ሁለቱም ወደ ሥራ መመለሻ ሰዓት አለፈባቸው። ከዚያ ወዲያ መሸሸግ ቀረ። ቅዳሜ አክስቱን ይዞ ወደ እናቷ ቤት ሊመጣ ተስማሙ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የሚኖሩት ከመናፈሻው ሁለት መንገድ ብቻ በሚርቅ ፎቅ የመጀመሪያ ደርብ ላይ ሲሆን፣ እናቷ ግን አንድም ቀን መናፈሻውን ረግጣ አታውቅም። የታላቅ ወንድሟን ስም ግንቡ ላይ እናስቀርጽ ስትላት «ስሙ እኔ ዘንድ አለ» ብላ ወደ ስፌቷ ዞረች። ልጅቷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር፦ ወንድሟ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በድብደባው ቀን፣ መጠለያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። የቀረውን እናቷ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። የሽቦን ሥራ ስትጠይቃትም «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው» አለቻት እንጂ ሳይረን የሚባል ቃል አልወጣትም።

ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሽቦ ሞተሩን ሊሞክር ተነሳ።

«ድምፅ አይወጣውም» አላት። «አፉን አስረን መዞሩን ብቻ ነው የማየው። ጆንያ አለሽ?»

የፍግ ጆንያ አራት አመጣችለት። መሰላሉን ወጥታ የሳይረኑን አፍ አብራው ሸፈነች፤ ችግኝ በምታስርበት ገመድም ዙሪያውን ቋጠረችው።

«ጠበቅ አድርጊው።»

«ማሰር የእኔ ሥራ ነው፤ አንተ ሽቦህን ጠብቅ።»

ወርዶ ማብሪያውን ተጫነ። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ እምም አለ። ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ጆንያዎቹ ተነፉ፣ ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ፣ ድምፁ ወጣ።

እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩን አታውቅም ነበር። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ መልሶ ከፍ አለ። ግንቡን ሲጠርብ የነበረው ሽበታም ድንጋይ ጠራቢ መዶሻውን ጥሎ ሣሩ ላይ በደረቱ ወደቀ፤ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረ። መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ቀጥ ብሎ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ ከሥሩ ገባ። አንዲት አሮጊት የማታውቃትን ወጣት ሴት ክንድ ይዛ ወደ አንድ በር ትጎትታለች። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። አትክልተኛዋ ክው አለች። በየቀኑ አጠገቡ ውሃ የምታጠጣውን የስም ዝርዝር ሰው ሆኖ ሲሮጥ አየችው።

ሽቦ ማጥፊያውን ጎተተ። ድምፁ እየወረደ ጠፋ። ከዚያ አሮጌው ማብሪያ ተጣብቆ ኖሮ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተነሳ። ሽቦ ኬብሉን በእጁ ይዞ በጠሰው፤ እጁ ተቃጠለ። ከተማው ፀጥ አለ።

«እማዬ» አለች እሷ፣ ሮጠችም።

ቤቱ ክፍት ነው። የስፌት መኪናው መርፌ ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል፤ አጠገቡ እናቷ በየጠዋቱ የምትውጠው የልብ መድኃኒት ብልቃጥ አለ። አንስታ ወጣች። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ደረጃው ላይ ጆሯቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። በጣታቸው ወደ ታች ጠቆሟት።

«ምድር ቤት ናት።»

ምድር ቤቱ ከመሬት በታች ያለ አሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ የብረት በር አለው። መወርወሪያው ከውስጥ ተወርውሯል። አንኳኳች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈቺ።»

መልሳ አንኳኳች።

«ምንም የለም፣ ሙከራ ነው። መድኃኒትሽን ይዣለሁ፣ ክፈቺልኝ።»

ከውስጥ የመጣው ድምፅ የእናቷ ነበር፤ ግን እንዲህ ሆኖ ሰምታው አታውቅም።

«አልከፍትም። ሁለተኛው ጮኸ።»

በእጇ መዳፍ መታችው። በጡጫ መታችው።

«ሠላሳ አንድ ሰው አለ እዚህ» አለች እናቷ። «አታንኳኳ ልጄ። አንተ ትልቅ ልጅ ነህ። ወደ ግድግዳው ተጠጋና ተኛ።»

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ወደ አስተማሪው ዞረች፤ እሳቸውም ቀስ እያሉ ወርደው አጠገቧ ቆመው ነበር።

«ደንብ ነበር» አሉ፣ ፊቷን ሳያዩ። «መጀመሪያው ሲጮኽ ሰው ይሮጣል። ሁለተኛው ሲጮኽ በሩ አጠገብ ያለ ሰው ይዘጋል። አደጋው አለፈ የሚለው ቀጥ ያለው ድምፅ እስኪሰማ ማንም አይከፍትም። ያን ቀን ቀጥ ያለው አልተሰማም፣ ሳይረኑ ራሱ ተመትቶ ነበር። እኛ ከዚህ ምድር ቤት የወጣነው በማግስቱ ነው።»

«በሩ አጠገብ የነበረችው...»

«እናትሽ ናት። አንቺን ታቅፋ። ወንድምሽ ከኋላ በሰው ተገፍቶ ቀርቶ ነበር። ደርሶ አንኳኳ።»

«ማንም ክፈቺለት አላላትም?»

አስተማሪው የብረቱን በር በጣታቸው ነኩ።

«ማንም አላላትም» አሉ። «እኔም አላልኩም።»

በዚህ መሃል ሽቦ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እያለከለከ ከደረጃው ሥር ደረሰ። ስታየው በውስጧ ያለው ሁሉ እሱ ላይ ወረደ።

«ሂድ» አለችው። «ዳግም ዓይንህን እንዳላየው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊመለስ አይችልም። ሽቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ እንጂ አልሄደም። የብረት ዘንግ አንስታ በሩን ልትሰብር አንድ ጊዜ መታችው፤ ከውስጥ የመጣው ጩኸት ዘንጉን ከእጇ አስጣላት። ከዚያ የሚሰማው የእናቷ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ አጭር አጭር፣ እየተቆራረጠ። ብልቃጡን ጨብጣ ቆመች። እናቴ እዚህ ብትሞት ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ እኔንም እሱንም አንድ ጣሪያ አይችለንም።

«አንተ ልጅ» አሉ አስተማሪው። «ያ ነገርህ ቀጥ ያለውን ማውጣት ይችላል?»

«ይችላል። ኬብሉን ከቀጠልኩት።»

«ሰዉ እላይህ ላይ ይወርዳል።»

«ይውረድብኝ» አለና ወጣ።

ከዚያ የሆነውን የነገሯት በኋላ ነው። መናፈሻው በሰው ሞልቶ ነበር። አንዱ ኮሌታውን ያዘው፣ ሌላው በጥፊ መታው፣ ኃላፊው ሁለተኛ እንዳትነካው እያሉ ጮኹ። ሽቦ «አንዲት እናት በር ዘግታ ቀጥ ያለውን እየጠበቀች ነው» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ያን ጊዜ ከአውቶቡሱ ሥር የወጣው ሾፌር ሰዉን ገፍቶ መጣና «ልቀቁት» አለ። «እኔም እየጠበቅኩት ነው።» ለቀቁት። በተቃጠለ እጁ ኬብሉን ሲቀጥል ኮሌታውን ይዞት የነበረው ሰው ራሱ ሽቦውን ያዘለት።

እሷ ምድር ቤቱ በር ላይ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ ነበር፣ ቀጥ ያለው ድምፅ ሲመጣ። ከፍ አላለም፣ ዝቅ አላለም። አንድ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ሄደ። አስተማሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ድምፁ ሲያበቃ ከውስጥ መወርወሪያው ተንቀሳቀሰ።

እናቷ ወጣች። ልጇን አላየችም፤ ዓይኗ ወደ ታች፣ በሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ላይ ነበር። እዚያ ማንም እንደሌለ ለማመን ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ልጅቷ ክኒኑን አፏ ውስጥ አደረገችላትና ደረጃው ላይ አስቀመጠቻት።

«ስንት ጊዜ አንኳኳሽ?» አለች እናቷ።

«አላውቅም። ብዙ።»

«እሱም ብዙ ነው ያንኳኳው።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየቻቸው። «በዚህኛው አንቺን ይዤ ነበር፣ በዚህኛው ዘጋሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ለራሴ አንድ ነገር ስነግረው ኖርኩ። ዳግመኛ ከመጣ እከፍታለሁ ብዬ። የፈለገው ይምጣ፣ ከፍቼ አስገባዋለሁ ብዬ። ይኸው መጣ። አንቺ ነበርሽ። አልከፈትኩም።»

ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ምንም አይደለም ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ውሸት ሆነባት። አመማት፣ በጣም አመማት። ያም ሆኖ ጭንቅላቷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ እናቷም አልገፋቻትም።

«ቀጥ ያለውን ማነው ያስጮኸው?»

«ቅዳሜ ሊመጣ የነበረው ልጅ ነው።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱ ነው። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ አሰበችና «ጥሪው» አለች።

ሽቦ መጣ። ከንፈሩ አብጧል፣ ጨርቁ ደም ለብሷል። ደረጃው ሥር ቆሞ «እናቴ፣ ይቅርታ አይገባኝም...» ብሎ ጀመረ።

«መፍቻ ይዘሃል?» አለችው።

«ይዣለሁ።»

«ይህን በር ንቀልልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ቢመጣ የማደርገውን አላውቅም፤ በር አይኑረኝ።»

ማጠፊያው ዝጎ ነበር። ሽቦ በአንድ እጁ ሲታገል አትክልተኛዋ ተነስታ በሩን በትከሻዋ ደገፈችለት። ፊታቸው አንድ ስንዝር አይራራቅም።

«ዳግም እንዳላይህ ብለሽኛል» አላት በሹክሹክታ።

«ብያለሁ።»

«እና?»

«እና በሩን ያዝ። ይወድቅብናል።»

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ በሩን ተሸክመው ግድግዳው ላይ አጋደሙት። የደረጃው ብርሃን ምድር ቤቱ ውስጥ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ድረስ ገባ። እናቷ ተነሳች። ባዶውን መቃን በእጇ ዳሰሰች፤ አልፋ ገባች፣ ወጣች፣ መልሳ ገባች። ከዚያ ከውስጥ ሆና ዞረች። ሽቦ መፍቻውን እንደያዘ ከደፉ ውጪ ቆሟል፤ ይግባ አይግባ ጨንቆታል።

«ምን ቆመሃል ታዲያ?» አለችው። «ግባ፣ ልጄ።»