የዘጠኝ ሰዓቱ ወንበር

ብታምኑም ባታምኑም ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ... ማስረጃ ማውጣት ሥራዬ ነው፤ ይሄኛውን ግን ለማንም አላሳየሁም።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። መስኮት የሌለው ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ።

ከስልክ፣ ከካሜራ፣ ከማንኛውም የቤት ዕቃ ውስጥ የቀረ መረጃ ፈልፍዬ አወጣለሁ። ባልደረቦቼ «ቆፋሪው» ይሉኛል። ቤቴ ስገባ ግን በየትኛውም ስም የሚጠራኝ የለም።

አንዲት ሴት በፌስታል የተጠቀለለ ስፒከር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። መብራት አጥፋ ሲሉት የሚያጠፋ፣ የሰማውንም የሚቀዳ ዓይነት።

«የእናቴ ነው» አለች። «ለብቻዋ ነበር የምትኖረው። በሞተች በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘናት።»

«ምን ልፈልግልዎት?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ደውላልኝ አላነሳሁም... ስትሞት ብቻዋን ነበረች? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ስትሄድ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ቅጂዎቹ በሙሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀዱ ናቸው። በየቀኑ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

«መጣህ?» ይላሉ እናትየው። «ቁጭ በል።»

ከዚያ ወንበር ሲጎተት ይሰማል... ኪርርር...

እሳቸው የጎተቱት መስሎኝ ነበር። ግን ወንበሩ ሲጎተት እሳቸው እዚሁ ስፒከሩ አጠገብ ሆነው ያስላሉ።

ወንበሩ የሚጎተተው ከወዲያ፣ ከበሩ በኩል ነው።

የሌላ ሰው ድምፅ የለም። እሳቸው ግን ያወራሉ፣ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። እውነቱን ልናገርና ቀናሁባቸው።

የመጨረሻው ቅጂ ላይ ድምፃቸው ደክሟል።

«እኔ ስሄድ... አንተ ማን ጋ ትሄዳለህ?»

ዝምታ...

«ቆፋሪው?» ሳቅ አሉ። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው?»

ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ብቻውን ነው? ውይ፣ የኔ ልጅ... እንግዲያው ሂድለት።»

ቀኑን አየሁ። ልጅየዋ ቢሮዬን ከመርገጧ ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀዳ ነው።

ደወልኩላት።

«ብቻዋን ነበረች?» አለች፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ።

«አልነበሩም።»

ስልኩ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማን አብሯት እንደነበረ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። በሬን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ተቀመጥኩ።

እኔ ቤት ስፒከር የለም፤ ካሜራም የለም። የእኔን ሥራ የሚሠራ ሰው እንደዚህ ያለ ነገር ቤቱ አያስገባም። ያለኝ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። አንደኛው በሩ ጋ እንደቆመ ነው፤ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ከበሩ በኩል... ኪርርር...

መሮጥ ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለኝ እንዳልል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

«መጣህ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ወንበሩ ቀስ እያለ ወደ ጠረጴዛዬ ተጠጋ።