በስሱ

«ክፈችው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እናኑ።

ኮከብ ትንሿን የቅባት ቱቦ በመዳፏ ጨብጣ ቆመች። ምንጣፉ ላይ የአንድ ዓመት ተኩል እኅቷ አምሳለ ተኝታለች። ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰችም። የጭኗ ቆዳ ፀሐይ እንደመታው ቀለም ተልጦ፣ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይታያል። እግሮቿ አብጠዋል። እናኑ ግን «ሞላችልኝ» ነው የምትለው።

«እማ፣ ይኼ ለሕፃን አይሆንም። ድሬሰሩ ተናግሯል።»

«አንቺን አላዳነሽም? ያንቺስ ክንድ እንዲሁ ሲረግፍ አልነበር?»

እውነት ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. የጥር ወር፣ ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ በገቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ያዕቁብ የኮከብን ችፌ አይቶ ቱቦዋን ሰጥቷት ነበር። ትግርኛ በሚጫነው አማርኛው ጣቶቹን እያጠፈ አስጠነቀቃት፦ «ብርቱ መድኃኒት ነው። በስሱ፣ በቀን አንዴ፣ ችፌው ላይ ብቻ። በሳምንቱ ነይና ልየው። ፊትሽን አታስነኪው፣ አትሸፍኚው። ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ለሕፃንማ ጭራሽ። ከቀባሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ።»

አብራት የሄደችው እናኑ ከዚህ ሁሉ ይዛ የተመለሰችው «በስሱ» የሚለውን ብቻ ነበር። በመጡበት በመተማ ቆላ ሕፃን ሲቀባ ቅቤው እስከ አንገቱ ይወርዳል እንጂ በጣት ጫፍ አይለካም።

«ለቅባትም ስስት?» አለች ያን ዕለት። «ደሴን በስስት ነው ያጣሁት።»

ደሴ የኮከብ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ስድስት ዓመቱ። በስደቱ መንገድ ላይ እናኑ ለነገ እያለች ቆሎውን ቆጥባ ትሰጠው ነበር። መጠለያው ሲደርሱ ቆዳው ተልጦ ነበር፤ የተራቡ ሕፃናት የሚታከሙበት ድንኳን በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናኑ በዚያ ድንኳን በኩል አታልፍም። ኮከብ ደግሞ ከክንዷ አንዲት ቅርፊት በረገፈች ቁጥር ከጀርባዋ የደሴን ትንፋሽ ትሰማለች። «መጣሽ?» ይላታል።

ለዚህ ነው በሳምንቱ ክንዷ ድኖ ሳለ ያላቆመችው። ያዕቁብን «ቱቦው ጠፋብኝ» ብላ ሌላ ተቀበለች። ጠዋትና ማታ ወፍራም አድርጋ እየቀባች፣ በላስቲክ እየጠቀለለች፣ ሁለት ወር ሞላት። አሁን እጅጌዋን ለማንም አትሰበስብም።

«ያ ኮከብ!» ራሒማ ባዶ ጀሪካን ይዛ አንገቷን በበሩ አስገባች። ገዳሪፍ የተወለደች፣ ዐረብኛ የምትቀላቅል የጎረቤት ልጅ ናት። «ውሃ አንሄድም? ደሞ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ! ወላሂ፣ ሙሽራ መስለሻል!»

አምሳለን ስታይ ሳቋ ተቋረጠ።

«ኻልቲ እናኑ… ድንኳኑ ዛሬ ወተት አለው» አለች ቀስ ብላ።

«ሂጂ ልጄ፣ ውሃሽን ቅጂ።»

ራሒማ ኮከብን አየት አድርጋት ሄደች። ወዲያው እናኑ ቱቦውን ከኮከብ እጅ ነጠቀችና መዳፏ ላይ ጨመቀችው። ነጩ ቅባት ተቆለለ።

«ዝም በይ፤ ያውቁብሻል» አለ ደሴ ከኮከብ ጀርባ።

ኮከብ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የክርኗ እጥፋት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ሥሮቿ ይቆጠራሉ፤ በመካከላቸው ወይን ጠጅ ሰንበር ተጋድሟል። ትናንት ጀሪካን የነካው ቦታ በልዟል።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«ይኼው ቅባት ነው። ዋሽቻለሁ፣ እማ። ቱቦው አልጠፋብኝም ነበር። እንደ ደሴ እንዳልላጥ ፈርቼ አበዛሁት። በስሱ ቢለኝ አልሰማ ብዬ ቆዳዬን አሳሳሁት።»

እናኑ በባዶው እጇ አውራ ጣት ሰንበሩን ነካችው፤ እንደሚያቃጥል ነገር መልሳ ሳበችው።

«የአምሳለ ደግሞ ችፌ አይደለም» አለች ኮከብ። «እንደ ደሴ ነው።»

«እዚያ ድንኳን የገባ…» አለች እናኑ።

«ደሴ የገባው ዘግይቶ ነው።»

እናኑ መዳፏን እንደዘረጋች ቀረች። ቅባቱ በሙቀቱ እየቀለጠ በጣቶቿ መካከል መውረድ ጀመረ። ኮከብ ጣሳውን አነሳች። የቀራቸው ውሃ እሱ ብቻ ነበር። በእናቷ እጅ ላይ ሳትሰስት አፈሰሰችው።

ከዚያ አምሳለን በነጠላ አዘለቻት። እጅጌዋን አልመለሰችውም፤ ያዕቁብም ያየዋል። እናኑ ጥቂት ከኋላ ቀርታ ተከተለቻቸው።

ድንኳኑ ሲታይ ትንሽ ትንፋሽ የኮከብን አንገት ነካ። ቆማ አዳመጠች። የደሴ አልነበረም፤ የአምሳለ ነው። እርምጃዋን አፈጠነች።