ያልሞላው ብልቃጥ

ኤቦ ኳንሳ በአፍጢሙ ተደፍቶ የተገኘው ራሱ ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የንካውካው ከተማ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ «ወድቆ ነው» አለ። ሰው ከአንድ ነገር ቶሎ መገላገል ሲፈልግ እንደዚህ ያለ ምክንያት አያጣም። ኢንስፔክተር አዶማ ዳርኮዋ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ሬሳውን አገላብጣ አየች። በፊቱ የወደቀው ሰው የተፈነከተው ማጅራቱ ላይ ነበር።

ቦታው ድሮ ነዳጅ ማደያ ነበር። ኤቦ የመጣው ከመሬት በታች ተቀብረው የነበሩት የነዳጅ ታንከሮች አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ በክለው እንደሆነ ሊመረምር ነው። ከአጥሩ ማዶ የድሮው የማደያው ባለቤት የሽማግሌው የኦፓኒን ቦአሲያኮ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው፣ ያውም በነፃ። ያን ዕለት ጠዋትም ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሽማግሌውም ባልዲ እያነሡ አንድ በአንድ ራሳቸው ላይ ያሸክሟቸዋል። ነፃ ውሃ ስም ያስገኛል፤ በሚቀጥለው ወር የሰፈሩ አለቃ ሆነው ሊሾሙ ነበር።

አዶማ መጀመሪያ የጠየቀችው ለኤቦ ይቆፍር የነበረውን ታቺን ነው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ኧረ ምን ጠብ አለው! ለምርመራ የሚላከውን ውሃ የሞላሁበትን ብልቃጥ ሦስቴ አስደፋኝ እንጂ። ‹አፉ ድረስ ካልሞላ ነዳጁ ተንኖ ያመልጣል፣ ምርመራው ዋጋ የለውም› ይላል። እጄ እስኪዝል ድረስ አስተማረኝ፤ ነፍሱን ይማረው።»

የኤቦን ሣጥን ከፈተች። አምስት ብልቃጦች አሉ። ከማደያው ቦታ የተቀዱት አራቱ ጢም ብለው ሞልተዋል። አምስተኛው ላይ በኤቦ እጅ «የቦአሲያኮ ጉድጓድ፣ ሰኞ አመሻሽ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስትገለብጠው ግን ጣት የምታህል አየር ወደ ላይ ሮጠች።

ቀጥሎ ቦታውን ሊገዛ የመጣው ነጋዴ ዶንኮር ተጠራ።

«እኔን አትጠርጥሪኝ! መሬቱ ተበክሏል ከተባለ ፎቄ ቀረ ማለት ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ሰው አልገድልም።»

«ታንከሮቹ የት ናቸው?»

«ወጥተዋል። ሽማግሌው የዛሬ ሃያ ዓመት በአለቃው ፊት ቆመው ምለዋል።»

ቦአሲያኮ ቤት ስትደርስ ሴት ልጃቸው ሰርዋ፣ የሰባት ወር እርጉዝ፣ እንግዳዋ ለምን እንደመጣች ከመጠየቋ በፊት እንደ ደንቡ ውሃ ልታመጣ ጣሳ ይዛ ወደ እንስራው ሄደች።

«ተይው፣ በላስቲክ የታሸገውን ውሃ ስጫት» አሏት አባቷ።

«የላስቲኩን? አባባ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ‹የላስቲክ ውሃ የሰነፍ ቤት ውሃ ነው› የምትለው? ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከዛሬ ወዲህ! አምጪ ስትባይ አምጪ!»

አዶማ የላስቲኩን ውሃ ጠጥታ አመሰገነች።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም የውሃው ጉድጓድ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ኤቦን ከኋላው መትተው ነው የጣሉት» አለች። «የገደለው ሰው አንዱን ብልቃጥ ደፍቶ ንጹሕ ውሃ አድርጎበታል፤ አፉ ድረስ መሙላት እንዳለበት ግን አያውቅም። ታቺ ቢሆን እጁ ራሱ ይሞላው ነበር። አቶ ዶንኮር ደግሞ የሚፈሩት የመሬቱን ውጤት ነው፤ እሳቸው ቢሆኑ አራቱን ነበር የሚደፉት። የተደፋው ግን የዚህ ጉድጓድ ብቻ ነው።»

«እና እኔ ነኝ ልትዪ ነው?» አሉ ቦአሲያኮ። «አያትሽ የምሆነውን ሰውዬ!»

«እስቲ ይረጋጉ አባቴ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ መጀመሪያ ውሃ እንጠጣ።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተቀመጠው ባልዲ በጣሳ ቀድታ ለሰርዋ ሰጠቻት። ሰርዋ ጣሳውን ወደ አፏ ስታስጠጋ አባቷ ዘለው እጇን መቷት። ጣሳው ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ፤ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ውሃ ከመኪናዬ ያመጣሁት ነው» አለች አዶማ። «የጉድጓዱ ውሃ ገና አይሸትም፤ ብልቃጦቹም ላቦራቶሪ አልደረሱም። መበከሉን የሚያውቀው ትናንት አመሻሽ በያዘው የመለኪያ መሣሪያ የለካው ኤቦ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ዛሬ ጠዋት ለቤትዎ የላስቲክ ውሃ አስገብተዋል። ነግሮዎታል ማለት ነው። ነዳጁ ዛሬም ውሃው ውስጥ እየገባ ከሆነ ታንከሮቹም አልወጡም፤ አፈር አልብሰዋቸው ነው የማሉት።»

ቦአሲያኮ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«እስክሾም ድረስ ዝም በል አልኩት። አንድ ወር ብቻ! ለመንኩት። ነገ በጠዋት ጉድጓዱን አሽገዋለሁ አለኝ። በልጅ ልጆቼ ፊት ሐሰተኛ ሊያደርገኝ…»

ሰርዋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከአባቷ ራቀች። ታቺ ግን ቀረባቸው። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

«ልጄ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበረች» አለ ዝግ ብሎ። «ባልዲውን ራሷ ላይ ያሸከምካት አንተ ነህ።»